ሰባ ሁለት ሰከንድ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ የጦር ሜዳ ውሎ አይደለም። ስለ አንዲት ልጅ፣ ስለ አንድ የስፌት ማሽን፣ ስለ አንድ ስቶፕዋችና ስለ 72 ሰከንድ ነው። ሰባ ሁለት ሰከንድ ምን አላት? ቡና የቀረበለት ሰው ስኳሩን አማስሎ አንዴ ፉት ሳይል ታልፋለች። እኔ ግን ሙያዬን የተማርኩት በእሷ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ጥፋት የሠራሁትም በእሷው ነው።

ነገሩ የሆነው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስሙ ይቆየን። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥቼ ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ «የምርት ኢንጂነሪንግ ቴክኒሻን» ይላል። እናቴ ለጎረቤት ስትነግር «ልጄ ማሽን ይጠግናል» ትል ነበር። አላረምኳትም፤ እኔም ሥራዬን በቅጡ አላውቀውም ነበርና።

ዛሬ ብትጠይቁኝ እንዲህ እላችኋለሁ። ማሽን ሲሰበር የሚጠግነው መካኒኩ ነው። ልብሱን የምትሰፋው ኦፕሬተሯ ናት። የተሰፋውን አገላብጣ አይታ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» የምትለው የጥራት ተቆጣጣሪዋ ናት። ሰዉን የምትመራው ሱፐርቫይዘሯ፣ ዕቅዱን የሚያወጣው ኢንጂነሩ ነው። በእነዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ጥያቄ ባለቤት አጥቶ ይንከራተታል፦ ይህ ሥራ በዚህ ቦታ፣ በዚህ መሣሪያ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ በሰው አቅም በደንብ ይሠራል ወይ? የዚያ ጥያቄ ባለቤት ቴክኒሻኑ ነው። ማሽኑ የት እንደሚቆም፣ ጨርቁ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ አንዱ ሥራ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ እጅ እንዳይሳሳት ምን ዓይነት መምሪያ እንደሚበጅለት የሚያይ፣ የሚለካ፣ የሚሞክርና የሚያስተካክል እሱ ነው። ጠዋት ፈረቃው ከመግባቱ በፊት ማሽኖቹን ያያል፤ የመጀመሪያዋን ልብስ ከናሙናው ጋር አስተያይቶ ነው ሥራውን የሚያስጀምረው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ነው።

ለእኔ የተሰጠኝ አንድ ላይን ነበር። ክብ አንገት ቲሸርት ይሰፋበታል፤ ሃያ አራት ልጆች ተሰልፈው ይሠሩበታል። ጨርቁ ከቆረጣ ክፍል በባንድል ታስሮ ይመጣል። መጀመሪያ ትከሻው ይገጠማል፤ ቀጥሎ ሪቡ፣ ማለትም በአንገቱ ዙሪያ የሚሰፋው ተለጣጭ ጨርቅ፣ ቀጥሎ እጅጌው። ከዚያ ጎኑ ይዘጋል፣ ግርጌው ይታጠፋል፣ ትርፍ ክሩ ይቆረጣል፣ ጥራቱ ይታያል፣ ይተኮሳል። የዕለቱ ታርጌት 600 ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የ8 ሰዓት ሥራ 28,800 ሰከንድ ነው። ይህን ለ600 ብታካፍሉት 48 ይደርሳል። እንግዲህ በየ48 ሰከንዱ አንድ ያለቀለት ቲሸርት ከላይኑ ጫፍ መውጣት አለበት ማለት ነው። በመሀል አንዲት ሥራ ከ48 ሰከንድ በላይ ከፈጀች የላይኑን ሁሉ እግር ትይዛለች። እኛ ይህን «ቦትልኔክ» እንለዋለን። ገበያ ሲፈታ ሕዝቡ ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር የሚወጣ ከሆነ፣ ከኋላ ያለው ቢሮጥም ቢያዘግምም የሚወጣው በሯ በፈቀደችለት መጠን ብቻ ነው።

የእኛ ላይን 400 ላይ ከቆመ ሳምንታት አልፈዋል። በየሰዓቱ የምርት ቁጥር የሚጻፍበት ሰሌዳ ማታ ማታ በቀይ እስክሪብቶ ይሞላል። ሱፐርቫይዘሯ ከላይ ትወቀሳለች፤ ወደ ታች ትቆጣለች። እኔም አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስቶፕዋቼን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ላይኑ ገባሁ። እያንዳንዱን ሥራ አሥር አሥር ጊዜ ለካሁ። ትከሻ 38። እጅጌ 44። ጎን 45። ግርጌ 47። የአንገት ሪብ፣ 72።

28,800ን ለ72 አካፈልኩ። ልክ 400 ወጣ። እንቆቅልሹን የፈታሁ መሰለኝ፤ ልቤ ዘለለ። ወረቀቴን ይዤ ወደ ቢሮ በረርኩና «ችግሩ አንገት የምትገጥመዋ ልጅ ናት» አልኩ።

ይህችን አነጋገር ልብ በሉልኝ። «አንገት መግጠሙ 72 ሰከንድ ይፈጃል» አላልኩም። «ልጅቷ ናት» አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሱፐርቫይዘሯ መጥታ በሃያ ሦስቱ ጓደኞቿ ፊት ቆመችባት። «በቀን 200 ልብስ የምታስቀሪብን አንቺ ነሽ!» አለቻት። ልጅቷ ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ምንም አልመለሰችም። አቀርቅራ የማሽኑን ፔዳል ረገጠች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ግን ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። ያን ቀን ማታ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 380 ነው። ልጅቷን አስወቀስኳት፤ 20 ቲሸርት ደግሞ ቀነሰብን።

በፋብሪካው አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ልጅ ናቸው። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ጣና ዳር የተከፈተው ያ ተቋም፣ በኋላ ከመምህራን ትምህርት ተቋሙ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት፣ ለአገሪቱ ፋብሪካዎች በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በኤሌክትሪክና በእንጨት ሥራ ቴክኒሻን ሲያወጣ የኖረ ቤት ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው መጽሐፍም መፍቻም ይዞ ይወጣ ነበር። ጋሼ በሽመና ፋብሪካዎች ውስጥ ያረጁ፣ የማሽን ድምፅ ሰምተው በሽታውን የሚናገሩ ሰው ናቸው።

የዚያን ዕለት ማታ የሠራተኛ ሰርቪስ ስንጠብቅ አጠገቤ መጡ። «ስቶፕዋቹን አምጣው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ከተቱት።

«ነገ ያለዚህ ትገባለህ። ከልጅቷ ጎን፣ እሷም በምታይህ ቦታ ትቆማለህ። እስከ ምሳ አትናገርም፤ አትጽፍም። ታያለህ።»

«ጋሼ፣ እኔኮ ለክቻለሁ!»

«ቁጥርህ እውነት ነው። የተናገርከው ግን ሐሰት ነው። ሰባ ሁለት ሰከንድ የፈጀው ሥራው ነበር፤ አንተ በሰው ስም ጻፍከው።»

ሰርቪሱ ዘግይቷል። ጋሼ ከአጥሩ ሥር ያለው ግንብ ላይ ተቀመጡና አንድ ታሪክ አወሩኝ። እሳቸው እንደነገሩኝ እነግራችኋለሁ።

በአሜሪካ ፍራንክ ጊልብሬዝ የሚባል ሰው ነበር። በ1885 እ.ኤ.አ.፣ በ17 ዓመቱ፣ ግንበኝነት ሊማር ገባ። ሊያስተምሩት የቆሙትን ግንበኞች አያቸው። አንዱ በዝግታ ሲሠራ በአንድ መንገድ ይደረድራል፤ ሲቸኩል በሌላ መንገድ፤ ሌላውን ሲያስተምር ደግሞ በሦስተኛ መንገድ። ልጁ ግራ ገባው፤ ግራ መጋባቱ ግን ወደ ጥያቄ ወሰደው። ጡቡ መሬት ላይ ተከምሯል። ግንበኛው ለእያንዳንዷ ጡብ ጎንበስ ቀና ይላል። ሁለት ኪሎ የምትሞላ ጡብ ለማንሣት የራሱን ሙሉ ሰውነት ዝቅ አድርጎ ከፍ ያደርጋል፤ ቀኑን ሙሉ፣ በመቶዎች ጊዜ። ጊልብሬዝ ከግንቡ ጋር አብሮ ከፍ የሚል መወጣጫ ሠራ፤ ጡቡም ጭቃውም በእጅ ልክ እንዲቀመጥ አደረገ። አንዲት ጡብ ለመደርደር ይፈጅ የነበረው 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ወረደ። በሰዓት 120 ጡብ ይደረድር የነበረው ሰው 350 መደርደር ቻለ።

«እንግዲህ ግንበኛው ሰነፍ ነበር?» አሉኝ ጋሼ። «አልነበረም። ችግሩ ጡቡ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። ማንም ፍጠን አላለውም፤ መጎንበሱን ብቻ አነሡለት። ሚስቱ ሊሊያን ደግሞ የሰው ሥነ ልቦና የተማረች ነበረች። ባሏ በ1924 እ.ኤ.አ. ሲሞትባት ሥራውን ይዛ ቀጠለች፤ የቤት እመቤት በማዕድ ቤት ውስጥ የምትረግጠውን እርምጃ ሳይቀር ቆጠረች። ድካም የሚጠና ነገር ነው፣ ልጄ። በስድብ አይጠፋም።»

በማግሥቱ ከልጅቷ ጎን ቆምኩ። ባዶ እጄን ነኝ። መጀመሪያ አየችኝና ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔም ማየት ጀመርኩ።

የልብሱ ባንድል በግራዋ ወለል ላይ ነው። ጎንበስ ብላ አንድ ታነሣለች፤ ቀና ትላለች። ሪቡ ጭኗ ላይ ነው። አንዱን ሪብ ታነሣና በአንገቱ ዙሪያ በእጇ ታስተያየዋለች። አንዳንዴ ራሷን ነቅንቃ ትተወውና ከማሽኑ ሥር ካለ ፌስታል ውስጥ ትከተዋለች፤ ሌላ ታነሣለች። አንዳንዴ ልክ መስሏት ትሰፋዋለች፤ ዞራ ስትጨርስ ግን ሪቡ ይተርፋል ወይም ያጥራል፤ አንገቱ ይሸበሸባል። ትንሿን መቀስ አንሥታ ስፌቱን ትፈታለች፤ እንደገና ትሰፋለች። ሪቡ ልክ ሆኖ ሲመጣላት ደግሞ እጇ እንደ ወፍ ነበር። ጨርቁ ከማሽኑ እግር ሥር ገብቶ ሲወጣ ዓይኔ አይከተለውም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ትናንት ያገኘሁት 72 አማካይ ነበር። ልክ የሆነው 50 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ከሦስቱ አንዱ ሲበላሽባት ግን ፈትታ ደግማ እስክትሰፋ ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። ሁለቱን ደባልቄ አንድ ቁጥር አወጣሁላቸው፤ ያ ቁጥርም ፈጣኗን ልጅ ዘገምተኛ አስመስሎ አቀረባት። ከላይኑ ሁሉ እጀ ቀልጣፋዋ እሷ ነበረች።

የምሳ ደወል ሲደወል እንዳትነሣ ፈራሁና ቶሎ አልኳት፦ «እህቴ፣ የትናንቱን ይቅር በይኝ። ቁጥሩን ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። ጥቂት ዝም አለች። ወደ ማሽኗ ነው የምታየው።

«ምንድነው የሚያስቸግርሽ?» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ያንን ፌስታል አወጣችና አፉን ፈታችው። በውስጡ ሪቦች ነበሩ፤ እንደ ነገሩ የተወረወሩ ግን አልነበሩም። በሦስት ተከፍለው፣ እያንዳንዱ እጅብታ በክር ታስሯል። «ይሄ የትንሹ ነው። ይሄ የመካከለኛው፣ ይሄ የትልቁ። ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬ ነበር። ዝም ብለሽ ስፊ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሰው ሲቆጣት፣ ያቺ ልጅ ማስረጃውን እየለየች፣ እያሰረች ከእግሯ ሥር አስቀምጣው ነበር። እኔ ስቶፕዋች ይዤ አሥር ጊዜ ቆሜባታለሁ፤ ፌስታሉንም አይቼዋለሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ነበር።

ፌስታሉን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ገልጠው አዩት፤ ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሁለተኛውን ታሪክ አወሩኝ። የሽመና ሰው ናቸውና ይህችን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

በጃፓን ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ልጅ በ1867 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር፤ እናቱ ቤት ውስጥ ትሸምን ነበር። እናቱ ስትደክም እያየ አደገ። በ1890 እ.ኤ.አ. በአንድ እጅ የሚሠራ የእንጨት መሸመኛ ሠራ። በዚያ አላቆመም። የእኛ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ ሲያቀባብል ማጉ ቢበጠስ ወዲያው ያውቃል፤ ክሩ በእጁ ነውና። በሞተር የሚሠራ ማሽን ግን አያውቅም። ማጉ ተበጥሶም ይሸምናል፤ የተበላሸ ጨርቅ ይተፋል። ስለዚህ ሰው ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጠብቅ ይውላል። ሳኪቺ ክር ሲበጠስ ራሱ የሚቆም መሸመኛ ሠራ። በ1924 እ.ኤ.አ. ከልጁ ከኪይቺሮ ጋር ያወጡት መሸመኛ ደግሞ በሙሉ ፍጥነቱ እየሠራ ሳይቆም መወርወሪያውን ራሱ ይለውጥ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን መያዝ ቻለ። በ1929 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የፈጠራ መብቱን በ100,000 ፓውንድ ስተርሊንግ ገዛ። ኪይቺሮም ፊቱን ወደ መኪና አዞረ፤ ዛሬ በመንገዳችን ላይ የሚርመሰመሰው ቶዮታ ዘሩ ከመሸመኛ ነው።

«ከሁሉ የሚበልጥብኝ የቱ መሰለህ?» አሉኝ። «ማሽኑ መቆሙ። ስህተት ሲመጣ የሚቆም ማሽን ሐቀኛ ማሽን ነው። ይህች ልጅም ሪቡ ልክ አልሆን ሲላት ቆመች። የተበላሸውን ወደ እጅጌው አላሳለፈችም። እናንተ ስለቆመች ተቆጣችኋት። ልትጠይቋት የሚገባው ለምን ቆምሽ ብላችሁ ነበር። የቶዮታ ሰዎች አምስት ጊዜ ‹ለምን› በል ይላሉ። ሂድና በል።»

ሄድኩ። ለምን ዘገየች? ፈትታ ስለምትደግም። ለምን ትፈታለች? ሪቡ ከአንገቱ ስለማይገጥም። ለምን አይገጥምም? የአንዱ ልክ ሪብ ከሌላው ልክ ባንድል ጋር ስለሚመጣ። ለምን ይቀላቀላል? የሪቡ እስር ቁጥር ስለማይለጠፍበት። ይህን ፍለጋ ቆረጣ ክፍል ድረስ ደረስኩ። ቁጥር ለጣፊዋ ሴትዮ ሪብ ወደ እሷ ጠረጴዛ መምጣት ካቆመ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ነገረችኝ። ለምን? አዲስ ማሽን ሲገባ ቦታ ስለጠበበ የሪብ መቁረጫው ወደ ሌላ ጥግ ተዛውሯል። ሲዛወር የቁጥሩን ነገር ያሰበበት ሰው የለም። በዚያ የአቀማመጥ ንድፍ ላይ የቴክኒሻን ፊርማ ነበረበት። ተቀጥሬ በገባሁ ሰሞን፣ ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በልጅቷ ስም የጻፍኩት 72 ሰከንድ ዞሮ ዞሮ የእኔ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ አይደለም። ከሪብ መቁረጫው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀመጥን፤ እያንዳንዱ እስር የልኩንና የባንድሉን ቁጥር ሳይዝ እንዳይወጣ አደረግን። ከአናጢ ክፍል ውዳቂ እንጨት ለምነን በጉልበት ልክ ዘንበል ያለ መደርደሪያ ሠራንላት፤ ባንድሉ ከወለል ተነሣ። ጋሼ የጊልብሬዝን ጡብ እንዳልረሳ ብለው መደርደሪያውን ሲመቱ ምስማር ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ራሷ አንድ ነገር አለች፦ «ሪቡን እኩል ለማዳረስ አራት ቦታ ምልክት ቢኖረው በዓይኔ መገመት አይኖርብኝም።» ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ መለኪያ ሠራን፤ ሪቡም አንገቱም አራት ቦታ ላይ ምልክት ተደርጎባቸው መምጣት ጀመሩ። ምልክት ከምልክት ጋር ታጋጥማለች፤ ዞራ ትሰፋለች።

ጋሼ ስቶፕዋቹን መለሱልኝ። ፈቃዷን ጠይቄ ለካሁ። 46።

የመጀመሪያው ቀን 540 ወጣ። በሳምንቱ መጨረሻ ሰሌዳው ላይ 600 ተጻፈ፤ እስክሪብቶው ሰማያዊ ነበር። ጠባቧ በር ግን ጠፍታ አትጠፋም፤ ቦታ ትቀይራለች። አሁን ግርጌ ማጠፊያው 47 ላይ ሆኖ ቀዳሚ ሆነ። ወደ እሱ ሄድኩ። ሥራችን ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። ልጅቷ የተዋረደችው በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታ የጠየቅኋት ግን ለብቻዋ ነው። በሰው ፊት የተበደለ በሰው ፊት ነው የሚካሰው። ሰኞ ጠዋት ማሽን ከመነሣቱ በፊት ሱፐርቫይዘሯን ለምኜ ሃያ አራቱንም ሰበሰብናቸው። ፌስታሉን አወጣሁና የታሰሩትን ሪቦች አሳየኋቸው። «ይህን ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ግን ያመለከትኩት በእሷ ላይ ነበር። ንድፉንም ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሱፐርቫይዘሯ ጠንካራ ሴት ናት፤ ወደ ልጅቷ ሄዳ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከላይኑ የማይመጣልኝ ወሬ አልነበረም። አንዷ መርፌው ይሞቃል ትለኛለች፤ ሌላዋ ወንበሩ ዝቅ ብሏል ትለኛለች፤ ሦስተኛዋ እጅጌው የግራና የቀኝ ተዘዋውሮ መጣ ትለኛለች። ሃያ አራት ሰው ሲያይልኝ አንድ ስቶፕዋች ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ስታይል ሲቀየር፣ ከክብ አንገት ወደ ኮሌታ ስንዞር፣ ላይኑ ግማሽ ቀን ይቆማል። መካኒኩ መርፌ ፍለጋ መጋዘን ይሄዳል፤ ሱፐርቫይዘሯ ናሙና ፍለጋ ቢሮ ትወጣለች፤ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ጋሼ «ሺጌዎ ሺንጎን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ይህ ሰው በ1969 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ውስጥ የ1,000 ቶን መጭመቂያ ቅርጽ ለመለወጥ ይፈጅ የነበረውን 4 ሰዓት መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ በመጨረሻ ወደ 3 ደቂቃ ያወረደ ነው። ዘዴው ማሽኑ ሳይቆም ሊዘጋጅ የሚችለውንና ማሽኑ ቆሞ ብቻ ሊሠራ የሚችለውን መለየት ነው። ይህን እናቶቻችን ያውቁታል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ከጋለ በኋላ ማሰሻ ፍለጋ ጎረቤት አትሄድም። ሊጡ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ እንጨቱ ሁሉ ቀድሞ በአጠገቧ ነው። እኛም መርፌውን፣ ክሩን፣ ናሙናውን፣ መለኪያውን ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት በአንድ ጋሪ ላይ ማሰናዳት ጀመርን። ግማሹ ቀን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ።

ይህን ሁሉ የማወራላችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በአገራችን የፋብሪካ ነገር አንገብጋቢ ሆኗል። በጃፓን ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከእርሻና ከትምህርት ቤት ወጥተው በስፌት ማሽን ፊት ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ላይን ዳር ስቶፕዋች የያዘ አንድ ልጅ አለ፤ የያኔውን እኔን የሚመስል። ያ ልጅ በእጁ የያዘው ትንሽ ዕቃ ሁለት ነገር መሆን ይችላል። ጡቡን ከመሬት የሚያነሣ መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ ጅራፍም ሊሆን ይችላል። ጅራፍ ሲሆን ልጆቹ ያውቁታል። ሲለኩ ይዘገያሉ፤ ችግሩን ይደብቁታል፤ ወይም ዝም ብለው ሥራውን ለቀው ይሄዳሉ። ፋብሪካውም ለምን ሰው እንደማይበረክትለት ግራ ይገባዋል። «ካይዘን» ማለት ለበጎ መለወጥ ማለት ነው። ለማን በጎ? መጀመሪያ ጎንበስ ቀና ለምትለዋ ልጅ በጎ ካልሆነ ለሰሌዳው በጎ ሆኖ አይዘልቅም። ይህን ከልቤ አምናለሁ፤ አይቼዋለሁና።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው የልብስ ሳጥናቸውን ባዶ አድርገው ሲሄዱ አንድ ነገር ሰጡኝ። ከዚያ ፌስታል ውስጥ የቀረ አንድ እጅብታ ሪብ ነው፤ ልጅቷ ያሰረችበት ክር ሳይፈታ። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል።

ዛሬ ለእኔም አዳዲስ ቴክኒሻኖች ይመደቡልኛል። በመጀመሪያው ቀን ስቶፕዋቻቸውን ተቀብዬ ኪሴ እከታለሁ። «ከሠራተኛዋ ጎን፣ እሷም በምታይህ ቦታ ቁም» እላለሁ። ቅር ይላቸዋል፤ እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። ማታ ሲመለሱ ስንት ሰከንድ ፈጀ ብዬ አልጠይቃቸውም።

«ከማሽኗ ሥር ምን አስቀምጣለች?» እላቸዋለሁ።